ተሰማችሁ?

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ ብፌው ውስጥ የተደረደሩት የቡና ስኒዎች እርስ በርሳቸው ይንኳኩ ጀመር። በመጀመሪያ አይጥ መስሎኝ ነበር። ወዲያው አልጋው ወዲያና ወዲህ ሲል ዘልዬ ተነሣሁ። በሩን ከፍቼ ስወጣ የኮንዶሚኒየማችን አራተኛ ፎቅ ነዋሪ በሙሉ ደረጃው ላይ ነው። እናቶች ጋቢ እንደነገሩ ጣል አድርገው፣ ሕፃናትን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ቆመዋል። አንዲት አሮጊት ጎረቤቴ የመቁጠሪያቸውን ክር ይዘው "እግዚኦ" ይላሉ። ከሁሉም አፍ የሚወጣው ግን አንድ ቃል ነበር፦ "ተሰማችሁ?"

ስልኩም እንደዚሁ። እኅቴ ከሲኤምሲ፣ የሥራ ባልደረባዬ ከጀሞ፣ የአክስቴ ልጅ ከአዳማ፤ ሁሉም "ተሰማህ?" ብለው ጠየቁኝ። እኔም ጠየቅኋቸው። ሁላችንም ተሰምቶናል። ሁላችንም ደህና ነን። ገና ሦስት ቀን ቀርቶት ነበርና ሲነጋ ከተማው ወደ በግ ተራና ወደ ቅቤ ገበያ ወጣ።

ያ ቃል ግን እኔ ዘንድ ቀረ። በአማርኛችን ሕመሙም፣ ደስታውም፣ ድምፁም የሚደርሰን በአንድ ግስ ነው። ብርድ ተሰማኝ እንላለን፤ የበር ኳኳታ ተሰማኝ እንላለን፤ ቃሉ የሚከበርለትን ሰው ደግሞ ተሰሚ ነው እንላለን። ያን ሌሊት የተጠያየቅነው ስለ መጀመሪያው መሰማት ብቻ ነበር። ንዝረቱ በሰውነታችን አልፎ ስኒያችንን አንኳኩቶ ሄደ፤ የተነሣበት አገር ሰው ድምፅ ግን ተሰምቶናል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም። እኔም ማንንም አልጠየቅሁም።

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ምድር መናወጧን አላቆመችም ነበር። የሥነ ምድር ሰዎች እንዳስረዱን፣ የቀለጠ ዐለት ከጥልቁ እየተገፋ ወደ ጎን መንገዱን ሲቀድ፣ ከላይ ያለው መሬት ይሰነጠቃል፣ ይንቀጠቀጣልም። መስከረም 26 እሑድ ማታ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። በታኅሣሥ መጨረሻ በርእደ መሬት መለኪያ 5.7 ደረሰ። በየካቲት 7 ወደ 6 ተጠጋ። በመካከሉ በዶፈን ግርጌ መሬቱ ተከፍቶ እንፋሎትና አቧራ ሲተፋ የሚያሳየው ምስል በየስልኩ ዞረ። በአፋርና በኦሮሚያ በኩል በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀው ወጡ።

ይህን ሁሉ የምንሰማው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር ነበር፦ "ማዕከሉ ከአዲስ አበባ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኝ..." ልኬቱ የሚጀምረው ከእኛ ነው። አፋር ውስጥ ዱለቻ ወይም ሰገንቶ ላሉት ሰዎች ማዕከሉ የቤታቸው ወለል መሆኑን ዜናው አይናገርም። ስለ ስጋታችን ማንንም አልወቅስም፤ አሥረኛ ፎቅ ላይ ሕፃን ይዞ መተኛት ያስፈራል፤ ያ ፎቅ በምን ዓይነት ብረትና በምን ዓይነት ሲሚንቶ እንደተሠራ መጠየቅም ተገቢ ነው። ግን ለሳምንታት ያወራነው በሙሉ ስለ ፎቃችን ነበር።

ከዚያ ትንቢቱ መጣ። አንዳንዱ የሚቀጥለውን ቀንና ሰዓት ቆርጦ ነገረን። ፕሮፌሰር አታላይ አየለን የመሰሉ ምሁራን የመሬት መንቀጥቀጥን ቀኑንና ሰዓቱን ለይቶ መተንበይ እንደማይቻል በየመገናኛ ብዙኃኑ ሲያስረዱ ከረሙ። ሌላው ደግሞ የኃጢአታችን ውጤት ነው አለ። እኔ በመጸለይ አምናለሁ፤ ያን ሌሊት የአሮጊቷ "እግዚኦ" እኔንም አረጋግቶኛል። "የኃጢአታችን" የሚለው ቃል ግን ቶሎ ብሎ "የኃጢአታቸው" ይሆናል። የእኛ ስኒ ሲንኳኳ ማስጠንቀቂያ፣ የእነርሱ ቤት ሲፈርስ ቅጣት!

ይህ በእኛ አልተጀመረም። ጥር 4 ቀን 2002 ዓ.ም. ሄይቲ በ7.0 ስትመታ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ከኮንክሪት በታች ቀረ፤ ቤተ መንግሥቱም ካቴድራሉም ተደረመሰ። አስከሬን ገና ሳይነሣ ፓት ሮበርትሰን የተባለው አሜሪካዊ ሰባኪ በቴሌቪዥን ቀርቦ፣ የሄይቲ ሰዎች ነፃ ለመውጣት ከዲያብሎስ ጋር ስለተዋዋሉ ነው አለ። ስድስት ሳምንት ተኩል ቆይቶ ቺሌ በ8.8 ተመታች፤ የተለቀቀው ኃይል የሄይቲን 500 እጥፍ ያህል ነበር። የሞቱት ግን ወደ 500 ሰዎች ናቸው። ቺሌ ከቀደሙት ሐዘኖቿ ተምራ የግንባታ ሕግ አውጥታ ስታስከብር ኖራለች፤ ሄይቲ ግን ለነፃነቷ ካሣ ክፈይ ተብላ ለፈረንሳይ ስትከፍል ስንት ትውልድ አለፈ። ልዩነቱ ያለው በብረቱ፣ በአሸዋው፣ በግምጃ ቤቱ ነው። ሄይቲን ሳነሣ አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አይሆንልኝም፦ ጣልያን ሲወረን፣ በ1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ከቆሙልን መካከል የዚያች ደሀ አገር መልእክተኛ ጄኔራል አልፍሬድ ኔሙር ነበር።

እኛም ብንሆን ከራሳችን የመሬት መንቀጥቀጦች የምናስታውሰው ጥቂት ነው። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴ ፈርሳለች፣ ካራቆሬም ተጎድታለች። በ1961 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሰርዶ የምትባል ከተማ ወድማለች። ስንቶቻችን እናውቃለን?

በየካቲት አጋማሽ ለቤተሰብ ጉዳይ ወደ ድሬዳዋ ስሄድ አውቶቡሳችን አዋሽ ሰባት ላይ ለሻይ ቆመ። ከሻይ ቤቱ ዳስ ሥር አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ሰላም ብዬ ከጎናቸው ተቀመጥሁና በለመደው አፌ "የመሬት መንቀጥቀጡ ተሰማዎት ወይ?" አልኋቸው።

ሰውየው አላፌዙብኝም። "ተቀመጥ፣ አትቸኩል" አሉኝ። በአፋርኛ አንቱታ የለምና አንተ እያሉ ነበር የሚያናግሩኝ።

አፋሮች ዳጉ የሚሉት ነገር አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ሰጥተው አይተላለፉም። ይቀመጣሉ። አንዱ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳየ፣ ምን እንደሰማ፣ ያየውን ከሰማው ለይቶ ይናገራል፤ ሌላው እስከ መጨረሻ ያደምጣል። ከዚያ ተራው ይለወጣል። የሰማ ሰው ለሚቀጥለው የማድረስ ግዴታ አለበት፤ ቀንሶም ጨምሮም ማውራት ነውር ነው። ዝናብ የጣለበት፣ ከብት የታመመበት፣ ሰው የሞተበት ሁሉ በዚህ መንገድ በረሃውን ያቋርጣል።

"ግመል ስትነሣ ታውቃለህ?" አሉኝ። "በኋላ እግሯ ነው የምትነሣው። ወደፊት ትደፋሃለች። መሬቱም እንደዚያ አደረገን።" የእርሳቸው ቤት አልወደቀም፤ ከጎበጠ እንጨትና ከሰሌን የተሠራች ደቦይታ ናት፤ ተወዛውዛ ቆመች። ልጃቸው በብሎኬት ያሠራው ቤት ግን ከጣሪያ እስከ መሠረት ተሰነጠቀ። ስንጥቁን ሊያሳዩኝ መዳፋቸውን በጎኑ አቁመው በአየሩ ውስጥ ቀስ ብለው አስገቡት፤ እስከ አንጓቸው። "እዚህ ድረስ ይገባል።" ፍየሎቹ ለብዙ ሌሊት አልተኛም ብለው ቆመው ያድሩ ነበር። ውሃ የሚያጠራቅሙበት ገንዳ ተሰነጠቀ። ያን ጊዜ ልጃቸውና የልጅ ልጆቻቸው ድንኳን ውስጥ ነበሩ፤ እርሳቸው ግን ፍየሎቹን ለማየት ይመላለሱ ነበር። "ይህን ያየሁት በዓይኔ ነው" አሉና፣ ከወንዝ ማዶ የሆነውን ከመናገራቸው በፊት "ይህን ደግሞ ሰምቻለሁ" አሉ።

ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። ልነሣ ስል በትራቸውን በእግሬ ፊት አጋደሙት። "አሁን አንተ።"

ምን ልንገራቸው? አፈርሁ፤ ተነፈስሁና ያየሁትን ነገርኋቸው። ስኒዎቹን፣ ደረጃው ላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለሉትን ሕፃናት፣ የአሮጊቷን መቁጠሪያ። አላቋረጡኝም።

"ስንተኛው ላይ ነው ቤትህ?"

"አራተኛው።"

"ልጆቹ በጨለማ ነው የወረዱት?"

"በጨለማ ነው።"

"ሁሉም ደህና ናቸው?"

"ደህና ናቸው።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ፤ ትከሻቸው ዝቅ ሲል አየሁት። ለካ ለወራት ያ ሁሉ ፎቅ ምን ሆኖ ይሆን ብለው ሲጨነቁልን ኖረዋል።

አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮት ዞር ብዬ አየኋቸው። ከመንገዱ ማዶ ፍየል የሚነዳ ጎልማሳ መጥቶ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሏል። የሚሉት አልተሰማኝም። ግን መዳፋቸውን ዘርግተው ከመሬት ወደ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ጊዜ ከፍ ካደረጉ በኋላ፣ ሕፃን እንደሚያቅፍ ሰው ሁለት እጃቸውን ወደ ደረታቸው አጠፉ።