ሊኑክስን ያወቅሁት ሮቤ ነው

ሊኑክስን ባወቅሁበት ጊዜ ፍላሽ የያዘ ሰው ሁሉ አንድ ሥጋት ነበረበት። ፎቶ ኮፒ ቤት ሰክቶት ሲመለስ ፎልደሮቹ በሙሉ በቫይረስ ሾርትከት ሆነው ይጠብቁታል። መምህሩ የፈተና ጥያቄውን፣ ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን፣ ሙሽራው የሠርግ ፎቶውን አጥቶ እየተጣደፈ ይመጣል። የሚመጣው ወደ ጋሼ ሱቅ ነበር፤ በአርሲዋ ሮቤ፣ መናኸሪያው አካባቢ፣ ክረምት ክረምት እኔም እየዋልኩባት ወዳደግሁባት ጠባብ ክፍል።

ጋሼ ረጋ ያሉ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ። ከሬዲዮ ወደ ቴሌቪዥን፣ ከዚያ ወደ ሞባይል፣ በኋላም ወደ ኮምፒውተር የተሻገሩት ዘመን ያመጣውን ሁሉ ጠረጴዛቸው ላይ እየፈቱ፣ መልሰው እየገጠሙ ነው። አርሲ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ሰው የተመቸ አገር ነው። ካዱ የተባለው የግብርና ልማት ድርጅት በ1960 ዓ.ም. አሰላ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ትራክተርና ኮምባይነር የስንዴው ማሳ ቤተኛ ሆነዋል። አጨዳ ደርሶ ኮምባይነር ሲቆም መለዋወጫ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ ሰማዩ ሳይጠቁር በተገኘው ነገር መነሣት አለበት። ጋሼም በወጣትነታቸው ለኮምባይነር ጠጋኞች ቁልፍ እያቀበሉ ነው ሙያ የጀመሩት።

በ2005 ዓ.ም. ክረምት አክስቴ ከጅዳ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላከችልኝ። ጥቁርና ከባድ ነበር፤ ባትሪው ስለሞተ ያለ ቻርጀር አይሠራም፤ ዊንዶውሱም ሳይከፍት መሀል ላይ ይቆማል። ጋሼ አገላብጠው አዩትና «ይህስ ሊኑክስ መሞከሪያ ይሆነናል» አሉ። ሊኑስ ቶርቫልድስ ፊንላንድ ውስጥ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1991 ስለጀመረውና ማንም በነፃ ወስዶ ስለሚሠራበት ስለዚህ ሶፍትዌር የሰሙት ከደንበኞቻቸው ልጆች ነው። ሃርድ ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሽ መነሣት እንደሚችልም ነግረዋቸዋል። ወደ 700 ሜጋባይት የሚጠጋውን ፋይል ሮቤ ላይ በኢንተርኔት ማውረድ የማይታሰብ ስለነበር፣ ከአሰላ በፍላሽ ተጭኖ በሚኒባስ ሾፌር እጅ መጣልን።

ሰክተን ስንከፍተው ላፕቶፑ ፍላሹን ከነመኖሩም ረስቶ ወደዚያው ወደማይከፍተው ዊንዶውስ ሄደ። ልነቅለው እጄን ስዘረጋ ጋሼ ያዙኝ። «ሱታ፣ ልጄ! አትቸኩል። መጀመሪያ የት ላይ እንደቆመ እንወቅ።»

ላፕቶፑ ከየትኛው ዲስክ እንደሚነሣ ወደሚታዘዝበት ወደ ባዮስ ገባን። በቅደም ተከተሉ ዝርዝር ውስጥ ሲዲ አለ፣ ሃርድ ዲስክ አለ፣ ኔትወርክ አለ፤ ፍላሽ የሚል የለም። ጋሼ ከሃርድ ዲስክ አጠገብ አንዲት የመደመር ምልክት አዩ። ሲጫኗት ሥሯ ተዘርግቶ ሁለት ስም አወጣ፤ አንዱ ዲስኩ፣ ሌላው ፍላሹ። የዚያን ዘመን ባዮስ ፍላሽን ብዙ ጊዜ እንደ ሃርድ ዲስክ ስለሚቆጥር እዚያ ውስጥ ሸጉጦት ኖሯል። ከላይ አስቀመጥነው። ሴቭ አድርገን ሳንጨርስ መብራት ሄደ።

መብራት ሲመለስ ያስተካከልነው ሁሉ ጠፍቷል። እኔ ተስፋ ቆረጥኩ፤ ጋሼ ግን ቀኑን አዩ። ሰዓቱ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል። «ይኸው ነገረን» አሉ፤ «የሚያስታውስበት ባትሪ ሞቷል።» ኪቦርዱን አንሥተው ከሥሩ በቢጫ ላስቲክ የተጠቀለለች ድቡልቡል ባትሪ አወጡ። በቴስተር ሲለኳት 3 ቮልት መስጠት የነበረባት አንዱን እንኳ አልሞላችም። ከሰዓት ጠጋኙ ዘንድ 2032 የሚል ቁጥር ያለባት አዲስ ባትሪ ተገዛች። ጋሼ የአሮጌዋን ሁለት ሽቦዎች አዲሷ ላይ ገጥመው በጥቁር ፕላስተር ጠቀለሏት። ከዚያ በኋላ ላፕቶፑ የተነገረውን መያዝ ጀመረ።

ቀጥሎ ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ የእንግሊዝኛ መልእክት መጣ። የተላከልን ባለ 64 ቢት ሲሆን የላፕቶፑ ፕሮሰሰር ግን ባለ 32 ነው። ለአሰላው ልጅ ተደወለ፤ ሚኒባሱ በሌላ ፍላሽ ሉቡንቱ የሚባለውን ቀላሉን ሊኑክስ በ32 ቢት ይዞ መጣ። ፍላሹ መብራቱን እያርገበገበ ብዙ ከቆየ በኋላ ሰማያዊው ገጽ ሲከፈት ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

መጀመሪያ የሰካነው ቫይረስ ያጠቃውን የአንድ መምህር ፍላሽ ነው። ቫይረሱ የተጻፈው ለዊንዶውስ ስለነበር ሊኑክስ ላይ የሚያደርገው አልነበረውም። የደበቃቸው ፎልደሮች ሁሉ አንድም ሳይጎድል ፊት ለፊታችን ተደርድረው ታዩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ላፕቶፕ የሱቁ መድኃኒት አዋቂ ሆነ፤ እኔም ከአጠገቡ አልጠፋም ነበር።

አዲስ ላፕቶፕ ቢላክልኝ ኖሮ ከፍቼ ፊልም አይበት ነበር። ያ አሮጌ ግን በየደረጃው እየቆመ ኮምፒውተር እንዴት እንደሚነሣ አስተማረኝ። መጀመሪያ ባዮሱ ይነቃል፤ በተሰጠው ቅደም ተከተል ዲስኮቹን ይጠይቃል፤ የዲስኩን የመጀመሪያ 512 ባይት ያነባል፤ እዚያ ያለችው ትንሽ ፕሮግራም ቀጣዩን ትጠራለች፤ የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ይጫናል፤ ገጹ ይከፈታል። የቆመበትን ያወቀ ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ደኅና መሆኑን ያውቃል፤ የሚፈትሸውም የቀረውን ብቻ ነው።

ዛሬ እንጀራዬ ሰርቨር መጠበቅ ነው። ባዮስ ለተተኪው ለዩኢኤፍአይ ቦታውን ለቋል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ዴቢያን 13 የተባለው ሊኑክስ ደግሞ ለ32 ቢት ኮምፒውተሮች መጫኛ ማዘጋጀቱን ትቷል። የዚያ ላፕቶፕ እኩዮች ዘመናቸው እያለፈ ነው። የጋሼ ጥያቄ ግን አላረጀም። ወጣቶች «አልነሣ አለኝ» ብለው ሲደውሉልኝ መፍትሔ ከመናገሬ በፊት የት ላይ እንደቆመ እጠይቃቸዋለሁ፤ ብዙዎቹ መልሱን ሲፈልጉ ችግሩን ራሳቸው ያገኙታል። ለጋሼ ያለብኝን ውለታ የምመልስበት ሌላ መንገድ አላውቅም።