ጣሪያ ላይ የማይጫነው ቦርሳ



ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ ተደጋግሞ ደረሰኝ። አንዷ ሰመራ ሥራ አግኝታ ልትሄድ ነው። ሌላው ለሥራ ጎባ ተመድቧል። ሦስተኛው እናቱን ይዞ ገናን ላሊበላ ሊያከብር አስቧል። ሦስቱም የሚሉኝ ያው ነው፦ «ቲቸር፣ እርስዎ አገሩን ዞረውታል፣ ምን ልያዝ?»

ለእያንዳንዳችሁ ለብቻ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

ኢንተርኔት ላይ የጉዞ ዕቃ ዝርዝር ሞልቷል። መጥፎ አይደሉም። ግን አብዛኞቹን የጻፋቸው ሰው ሻንጣው መቼም ከአጠገቡ የማይለይ ይመስለኛል። የእኛ መንገደኛ ሻንጣ መናኸሪያ ሲደርስ ከባለቤቱ ጋር ይለያያል። ረዳቱ ይቀበልና ወደ ጣሪያ ያወጣዋል፣ ሌላ ሻንጣ ይደረብበታል፣ ኬሻ ይደረብበታል፣ ሸራ ይለብሳል፣ በገመድ ይጠፈራል። ከዚያ በኋላ እስክትደርሱ ድረስ ዕቃችሁ አብሯችሁ እየሄደ ነው እንጂ እጃችሁ ላይ የለም። ስለዚህ እኔን «ምን ልያዝ?» ስትሉኝ መጀመሪያ የምመልሰው በጥያቄ ነው፦ የቱ ጣሪያ ላይ ይውጣ? የቱ ጉያችሁ ውስጥ ይቅር?

ይህን የተማርኩት በግድ ነው። ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ስኳር አለብኝ። ኢንሱሊን መውጋት ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። የነገሩኝ ቀን ቀድሞ የመጣብኝ ሐሳብ ስለ ምግብ አልነበረም፤ ስለ መንገድ ነበር። ዕድሜ ልኩን ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ቦርሳውን አንጠልጥሎ የሚጠፋ ሰው፣ ዓመት ከመንፈቅ ከአዲስ አበባ ሳይወጣ ቀረ። ለቅሶ በስልክ ደረስኩ። ወንድሜ ደሴ ላይ ልጁን ሲድር «በቪዲዮ አያችኋለሁ» አልኩት፤ እሱም ዝም አለ። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ የአንድ ጤና ጣቢያ ነርስ «ጋሼ፣ የሚይዙትን ካሟሉ እኮ የትም መሄድ ይችላሉ» አለችኝና በሐኪም ማዘዣ ወረቀት ጀርባ ላይ ዘረዘረችልኝ። ወረቀቷ አልቃ ተቀዳድዳለች፤ ቦርሳው ግን አለ። ተራ የትከሻ ቦርሳ ነው፣ መርካቶ የተገዛ፣ ዚፑ አንዴ ተቀይሯል። ረዳት «አባት፣ እሱንም ላይ እንጫነው» ሲለኝ ፈገግ እላለሁ እንጂ አልሰጥም።

ለምን እንዳልሰጥ አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ደሴ እየሄድን ደብረ ሲናን አልፈን ወደ ሸዋ ሮቢት ቁልቁል ስንወርድ አንድ የጭነት መኪና ተገልብጦ መንገዱ ተዘጋ። አንድ ሰዓት አለፈ፣ ሁለት፣ ሦስት። ምሳ ሸዋ ሮቢት ነበር የታሰበው። ከእኔ ፊት ሁለት ወንበር ቀደም ብላ የተቀመጠች ሃያ ዓመት የማይሞላት ልጅ ላብ ያጠምቃት ጀመር። እጇ ይንቀጠቀጣል፣ የምትናገረው አይያያዝም። አውቶቡሱ ተተራመሰ። «ሙቀቱ ነው፣ መስኮት ክፈቱ!» «ሎሚ አሽትቷት!» አንዱ ደግሞ «ክብሪት ጫሩ!» ይላል። አንዲት እናት ከልባቸው አዝነው እፍኝ ቆሎ ዘረጉላት።

እኔ ያንን ላብ አውቀዋለሁ። ተጠግቼ «ልጄ፣ ስኳር አለብሽ?» አልኳት። በራሷ ነቀነቀች። «ዕቃሽስ?» ስላት ጣቷን ወደ ጣሪያው ቀሰረች።

ጠዋት መርፌዋን ተወግታለች፤ ምሳ ግን በሰዓቱ አልመጣም። ኢንሱሊኑ ሥራውን ይሠራል፣ የሚሠራበት ምግብ የለም፤ ስኳሯ ወርዷል ማለት ነው። ቆሎ እዚህ ላይ ቶሎ አይደርስም፤ እስኪፈጭ ጊዜ ይፈጃል። የሚያስፈልገው ቶሎ ደም ውስጥ የሚገባ ስኳር ነው። በቦርሳዬ ሁልጊዜ በትንሽ ብልቃጥ ስኳር አለ። ሦስት የሻይ ማንኪያ ያህል በግማሽ ኩባያ ውሃ በጥብጬ ሰጠኋት። መዋጥ ትችል ስለነበር ነው። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም ፈሳሽ አይጨመርም፤ ያንቀዋል፤ እንደዚያ ከሆነ መሮጥ ወደ ሕክምና ነው። ሰዓቴን አየሁ። 15 ደቂቃ ጠብቀን ካልተሻላት መድገም ነበረብን። ሳንደግም ስሟን ጠየቅኳት፣ ነገረችኝ። ከዚያ ዳቦ አበላናት፤ ስኳር ውሃው ብቻውን አያቆይምና። ቆሎ የሰጧት እናትም ያኔ ደስ ብሏቸው ቆሏቸውን መልሰው ዘረጉላት።

መንገዱ ተከፍቶ ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሻንጣዋን አስወርደን አየነው። እናቷ አንድም ነገር አልረሱም! ስኳር መለኪያው፣ ከረሜላው፣ ጭማቂው፣ ብስኩቱ፣ ሁሉም በፌስታል በፌስታል ተለይቶ፣ ተቋጥሮ፣ ከላይ ስሟ ተጽፎበት። ከሁለት ኬሻ ሥር።

እናም የስኳር ሕመም የሌለባችሁም ጭምር የጉያ ቦርሳ ያዙ። አስም ያለበት የሚነፋውን፣ የደም ግፊት ያለበት ኪኒኑን፣ ሕፃን የያዘች እናት ዳይፐሩንና የልጁን ምግብ። ጤነኛ ነኝ የምትለው ጎረምሳም ውሃ፣ የሚቀመስ ነገር፣ ሶፍት፣ መታወቂያ፣ ገንዘብ። ገንዘቡን ሁለት ቦታ ክፈሉት፣ ዝርዝርም ይኑረው። ቴሌብር ጥሩ ነው፤ ግን «ኔትወርክ የለም» የሚባልበት ከተማ ደርሳችሁ ሻይ ቤት በር ላይ ስልካችሁን ወደ ሰማይ ስታነሱ እንዳላያችሁ።

መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች፦ ለአምስት ቀን ከሄዳችሁ የአሥር ቀን ያዙ። መንገድ ይዘጋል፣ ትንሽ ከተማ ያለ መድኃኒት ቤት ደግሞ የእናንተን ዓይነት ላይኖረው ይችላል። በአውሮፕላን ከሆነም ኢንሱሊን ለጭነት አይሰጥም፤ ዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ሊቀዘቅዝ ይችላል፣ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ደግሞ ቢሟሟም ይጣላል። መርፌ ስላለው የሐኪም ደብዳቤ አብሮ ይያዝ። አረብ አገር የምትሄዱ ልጆቼ ይህቺን ተጨማሪ ስሙኝ፦ ትራማዶልና ኮዴይን ያለባቸው ማስታገሻዎች እዚህ ቀላል መስለው ይታዩ ይሆናል፣ ኤምሬትስ ግን ያለ ፈቃድ ይዞ መግባት ያሳስራል። «ለእህቴ አድርሺልኝ» የተባለ የማይታወቅ ኪኒን አትቀበሉ፤ ይሉኝታ እዚህ ላይ አይሠራም።

አሁን ወደ ልብስ። እዚህ ጋ የድሮው መምህር ይነሳብኛል፣ ታገሱኝ።

ሰው ሲታሸግ የሚያየው ወሩን ነው፤ «ጥር ስለሆነ ፀሐይ ነው» ይላል። በእኛ አገር ከወሩ ይልቅ ከፍታውን እዩ። ሰሌዳ ላይ የጻፍኩላችሁን ታስታውሱ እንደሆነ፣ ወደ ላይ በየ1,000 ሜትሩ የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሰመራ 400 ሜትር አካባቢ። ልዩነቱ 2,000 ሜትር ነው። እንግዲህ አባዙት፤ 13 ዲግሪ! ከቤት ስትወጪ ሹራብ ያስለበሰሽ ጠዋት ሰመራ ላይ ከየት ይመጣል? በደሴ መንገድ ደግሞ በአንድ ቀን ሁለቱንም ታገኛላችሁ። ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ጉሙ መስኮት ላይ ይለጠፋል፤ ትንሽ ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ሰው ከጥላ ሥር አይወጣም። ወፍራም ጃኬት አንዱን ብቻ ያውቃል። ስስ ልብስ ደራርባችሁ ልበሱ፣ እየወረዳችሁ አውልቁ።

ጋቢ ግን የትም ይዤ እሄዳለሁ። ብርድ ላይ ልብስ ነው፣ ወንበር ላይ ትራስ ነው፣ መስኮቱ ፀሐይ ካስገባ መጋረጃ ነው፣ የሆቴሉ አንሶላ ካላማረኝ አንሶላ ነው። ወጣቶቹ ትስቃላችሁ፤ ጣርማ በር ላይ «ጋሼ፣ ጫፉን ያካፍሉኝ» ያለኝ ጎረምሳ ቁጥሩ ብዙ ነው። ሰመራ ለምትሄጂው ግን ጋቢው ይቅርብሽ፣ እዚያው ስትደርሺ ስስ ሽርጥ ግዢ፤ የአገሩ ሰው የሚለብሰው ለሙቀቱ የሚበጀውን ነው። አጎበርም ያዢ። ደግሞ አንድ ነገር፦ ቆላ ደርሳችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ በቀጣዮቹ ሳምንታት ትኩሳት ከያዛችሁ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትተኙ። ለሐኪሙ «ቆላ ነበርኩ» በሉት። ደጋ ያደገ ሰው ወባን የሚቋቋምበት አቅም የለውም።

ጫማ አዲስ አይሁን። እኔ እግሬ ላይ ውኃ የቋጠረች ትንሽ ቁስል ወር ታስተኛኛለች፣ ስኳር ያለበት ሰው ያውቀዋል። የለመዳችሁትን አድርጉ፤ ለሻወርና ለማደሪያ ነጠላ ጫማ ጨምሩ። የእጅ ባትሪም ያዙ፤ የስልክ መብራት ስልኩ እስካለ ድረስ ነው። ሳሙና፣ መርፌና ክር፣ ኦ አር ኤስ፤ አንዱ ከረጢት ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው፣ በብርጭቆ የሚበጠብጡ ሰዎች አይቻለሁ። የቀረውን እናንተ ታውቃላችሁ።

ሙቀት ውስጥ ኢንሱሊን እንዴት ይቀመጣል ብላችሁ ለጠየቃችሁኝ፦ ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ ነው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፤ የተከፈተው ከ30 ዲግሪ በታች ከሆነ በአብዛኛው አራት ሳምንት ገደማ ይቆያል፣ የእናንተን ዓይነት ከማሸጊያው ላይ አንብቡ። ፍሪጅ በሌለበት የሸክላ ማሰሮ ፍሪጅ ይሆናል። ትንሹን ማሰሮ ትልቁ ውስጥ አድርጉ፣ መሃላቸውን አሸዋ ሙሉ፣ አሸዋውን ጠዋት ማታ ውሃ አጠጡ፣ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ትንሹ ውስጥ አስቀምጡና በእርጥብ ጨርቅ ክደኑት። ጥላ ውስጥ፣ ንፋስ በሚያገኝበት። ውሃው ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። የእንስራ ውሃ የሚቀዘቅዘው በዚሁ ነው፤ እናቶቻችን ፊዚክስ ሳይባል ያውቁት ነበር። እንደ ሰመራ ባለ ደረቅ ሙቀት በደንብ ይሠራል። አየሩ እርጥበት ሲኖረው፣ ለምሳሌ ጋምቤላ በክረምት፣ ብዙም አትተማመኑበት። መንገድ ላይ ማሰሮ ስለማይታሰብ ብልቃጡን በላስቲክ አድርጌ በእርጥብ ፎጣ እጠቀልለዋለሁ፤ በረዶ ላይ በቀጥታ አላስቀምጥም።

በመጨረሻ የቦርሳዬ የፊት ኪስ። እዚያ ያለው ወረቀት ነው፣ በላስቲክ የተለበጠ። ስሜ፣ «የስኳር ሕመምተኛ ነኝ፣ ኢንሱሊን እወስዳለሁ፣ ግራ ተጋብቼ ካያችሁኝና መዋጥ ከቻልኩ ስኳር ውሃ ስጡኝ፣ ራሴን ከሳትኩ ሆስፒታል ውሰዱኝ» የሚል፣ የባለቤቴና የልጄ ስልክ። በአማርኛና በኦሮምኛ ተጽፏል። ሰመራ የምትሄጂው፣ አፋርኛውን እዚያ ከደረስሽ በኋላ የሥራ ባልደረባሽን አስጽፊና ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፤ ለመጪው ጉዞዬ ያስፈልገኛል። ስልካችሁ ውስጥ መቶ ቁጥር ቢኖር የተቆለፈ ስልክ ለማያውቃችሁ ሰው ድንጋይ ነው።

ያቺ ልጅ አሁን ደሴ ትማራለች። ባለፈው እናቷ ደውለው ቦርሳ ገዙላት መሰለኝ፣ «ጋሼ፣ ዚፑ ስንት ኪስ ቢኖረው ይሻላል?» አሉኝ። ሁለት ይበቃል አልኳቸው። እናንተስ ጉያችሁ ውስጥ ምን ትይዛላችሁ? ከታች ጻፉልኝ፣ የረሳሁት ካለ እጨምራለሁ።