ፍሬቻው የጠፋው አምፖል ተቃጥሎ አልነበረም

ሰውየው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ ሲወጡ ነው የራሳቸውን የገዙት። አሮጌ ላንድክሩዘር፣ ባለ 70 ሲሪስ፣ ናፍጣ። ቀለሙ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፤ ሞተሩ ግን ዛሬም ጣርማ በርን ሳያቃስት ይወጣል። ከደብረ ብርሃን ዙሪያ ገብስና ባቄላ ይጭኑበታል፤ አንዳንዴም ታማሚ።

አንድ ቀን ከዋናው አስፋልት ወደ ግራ ታጥፈው ኮረኮንቹ ላይ ሊገቡ ፍሬቻ አሳዩ። አጠገባቸው የልጅ ልጃቸው ተቀምጣለች። መሪውን ማዞር ሲጀምሩ ከኋላ ሊቀድማቸው የወጣ አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋ በበራቸው ሥር ሾልኮ አለፈ። የግራው መስታወት ተነቅሎ ሄደ። የአይሱዙው ሹፌር ራቅ ብሎ አቁሞ፣ እየሮጠ ተመለሰ።

«አባቴ፣ ፍሬቻ አያሳዩም እንዴ?»

«አሳይቻለሁ!»

ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ሰውየው ዘንጉን ወደ ታች አውርደዋል፤ ውጭ ግን የበራ ነገር የለም። ጆሯቸው ትንሽ ደክሟል፣ የናፍጣ ሞተሩም ይጮሃል። ፍሬቻ ሲሠራ የሚሰማው «ቀጭ ቀጭ» መቅረቱን በምን ይወቁት?

በማግስቱ ጋራዥ ገቡ። ሠራተኛው አራቱንም አምፖሎች ቀየረ። አልሠራም። ፍላሸሩን ቀየረ። አሁንም አልሠራም። በመጨረሻ «መሪው ሥር ያለው ማብሪያ ተበልቷል፣ ሙሉውን መቀየር ነው» አላቸው። አዲሱ ስለማይገኝ መርካቶ ሶማሌ ተራ ሰው ላኩ፤ ያገለገለ መጣ፤ የጡረታቸውን የወር ገንዘብ ጠጥቶ። ተገጠመ፣ ፍሬቻው ሠራ፣ ተመሰጋገኑ። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ጠፋ።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። አራት አምፖል ባንዴ አይቃጠልም። ግራም ቀኝም እኩል ሲጠፋ ጥፋቱ ሁለቱም ወገኖች የሚጋሩት ቦታ ላይ መፈለግ አለበት፤ ይህን ለማሰብ ቴስተር እንኳ አያስፈልግም። ነገር ግን አገሩን የሞላው አሠራር «እንቀይረው፣ ካልሆነ ሌላውን እንቀይረዋለን» የሚል ነው። የግምቱን ዋጋ የሚከፍለው ባለመኪናው ስለሆነ ሠራተኛው የሚቸኩልበት ምክንያት የለውም።

ሁለተኛው ኤሌትሪሺያን ልጅ እግር ነው። ኮፈን አልከፈተም፣ ካቻቢቴም አላነሳም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ።

«ጋሼ፣ ሃዛርዱስ ይሠራል?»

ተጫኑት። አራቱም ቦግ እልም አሉ።

«እንግዲያው አምፖሎቹ ደህና ናቸው፤ ፍላሸሩም ደህና ነው፤ ከፍላሸሩ ወደ መብራቶቹ የሚሄደው ሽቦም ደህና ነው» አለ ልጁ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የአደጋ መብራቱና ፍሬቻው የሚጠቀሙት አንድ ፍላሸርና አንድ ዓይነት አምፖል ነው። የሚለያዩት ኃይል በሚያገኙበት መንገድ ነው። ሃዛርዱ ከባትሪ በቀጥታ በራሱ ፊውዝ ያገኛል፤ ቁልፍ ባይዞርም ይሠራል። ፍሬቻው ግን ቁልፍ ሲዞር በሌላ ፊውዝ በኩል ይመጣል፤ በብዙ የዚያ ዘመን ቶዮታዎችም ወደ ፍላሸሩ ከመድረሱ በፊት በራሱ በሃዛርዱ ማብሪያ ውስጥ ያልፋል። ለዓመታት ያልተነካ ማብሪያ ደግሞ ውስጡ አቧራ ይጠጣል፣ መዳቡ ይጠቁራል። ስለዚህ ያልተጠረጠረው ሃዛርድ ፍሬቻውን ይዘጋዋል።

ልጁ ፊውዙን በቴስተር ነካ፤ ኃይል ገብቶ ይወጣል። ከዚያ የሃዛርዱን ማብሪያ ሃያ ጊዜ ያህል አበራ፣ አጠፋ። ፍሬቻው ተነሣ። የመጀመሪያው ጋራዥ «ሠራሁት» ያለውም ሲሞክር ይህንኑ ማብሪያ ደጋግሞ ስለነካው መሆን አለበት። ልጁ ግን በዚህ አልረካም፤ ፈቶ የጠቆረውን መገናኛ በስሱ ብርጭቆ ወረቀት ጠረገ፣ በአልኮል አጠበ፣ መልሶ ገጠመ።

የቀኙ የኋላ መብራት ሌላ ጣጣ ነበረበት። ፍሬን ሲያዝ ፍሬቻው ደብዘዝ ብሎ አብሮ ይበራል። ይህ ሲታይ ማሳ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ኤሌክትሪኩ መመለሻ ሲያጣ በጎረቤቱ አምፖል በኩል መንገድ ይፈልጋል። የዛገ አንድ ብሎን ተፈቶ፣ ተፍቆ፣ ተጠብቆ ታሰረ። ወጪው ባዶ።

ልጃቸው ደግሞ መኪናውን ዘመናዊ ለማድረግ የኤልኢዲ አምፖል ገዝቶላቸው ነበር። ሲገጠም ፍሬቻው እንደ አበደ ፈጠነ። የድሮው አምፖል 21 ዋት ይወስዳል፤ ኤልኢዲው ጥቂት ዋት ብቻ። ፍላሸሩ የሚወሰደው ኃይል ሲያንስበት አምፖል የተቃጠለ ይመስለዋልና ይቸኩላል። የብዙ አገር ደንብ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ብልጭታ ነው የሚፈቅደው። ወይ ለኤልኢዲ የተሠራ ፍላሸር መግጠም ነው፣ ወይ የድሮውን አምፖል መመለስ። ሰውየው መለሱት።

ፍሬቻ የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ቀስት ማለት ነው። መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ከመጀመሩ በፊት የአውሮፓ መኪኖች ከጎናቸው የምትዘረጋ ቀስት ነበረቻቸው። የዚያ ዘመን ሹፌር ቢያንስ ቀስቷ መውጣቷን በዓይኑ ያይ ነበር።

እንዲህ ያሉ መኪኖች ከመንገድ ይወጣሉ ብሎ የሚጠብቅ ካለ ተሳስቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። የክልከላውን ጥቅምና ጉዳት ሌላ ቀን መከራከር ይቻላል፤ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ግን ከዚህ በኋላ ረጅም ዕድሜ ይጠበቅበታል። በዓመት አንዴ ለቦሎ ሲመረመር ፍሬቻው በርቶ ካለፈ አለፈ ነው። እየመጣ የሚሄድ ብልሽት በምርመራው ቀን ሊሠራ ይችላል፤ የሰውየውም መኪና ከአደጋው ጥቂት ወራት በፊት በሰላም አልፋ ነበር።

ሰውየው አሁን ከመነሣታቸው በፊት የልጅ ልጃቸውን ከኋላ ያቆሟታል። «ግራ!» ይላሉ፤ «በርቷል!» ትላለች። «ቀኝ!» «በርቷል!» አንዳንዴ ልታስቃቸው «ጠፍቷል» ትላለች፤ እሳቸው ግን አይስቁም፣ ወርደው ያያሉ።

ከመኪናው የተፈታው የድሮው ማብሪያ ምንም አልነበረበትምና ወደ ቦታው ተመልሷል። ከመርካቶ የመጣው በፌስታል ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ሻጩ አልመልስም ብሏል።