የግራ እጅ ሌባ ጣት

1.
የሕንፃ ሞዴል የሚሠራ ሰው በጣቱ ይታወቃል። የግራ እጁ ሌባ ጣት ጫፍ ላይ ጠባሳ አለ። ግራኝ ከሆነ ቀኙ ላይ ፈልጉ። የሚቆረጠው ማስመሪያውን የተጫነው እጅ ነው፤ ከተሩን የያዘው ምንም አይሆንም። ጣቱም ስሙ ሌባ ስለሆነ ነው መሰል ብዙ የሚያዝንለት የለም።

2.
«ስለታም ነው፣ ተጠንቀቅ» ይሉኛል። እኔን የቆረጠኝ ሁልጊዜ የደነዘው ነው። ስለታሙን ትመራዋለህ። የደነዘውን ትገፋዋለህ፤ ሲገፋ ያመልጣል።

3.
የከተር ምላጭ ላይ ያሉት ሰያፍ መስመሮች ጌጥ አይደሉም። ጫፉ ሲደንዝ በመስመሩ ተሰብሮ አዲስ ጫፍ እንዲወጣ ነው። ነገሩን ያሰበው ዮሺዮ ኦካዳ የሚባል የኦሳካ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1956። ሐሳቡን ያገኘው ጫማ ሠሪዎች ከሚፍቁበት የብርጭቆ ስባሪና በመስመሩ ከሚቆረስ ቸኮሌት ነው ይባላል።

አንድ ተማሪ በአንድ ጫፍ ከመስከረም እስከ የካቲት ሲቆርጥ አየሁ። ለምን አትሰብረውም አልኩት። «ያልቃላ!» አለኝ። ምላጩ ሙሉ ነው። ካርቶኑ ግን ተቦጫጭቋል።

4.
የብዙ ከተር የኋላ ክዳን ሲነቀል ጠባብ ስንጥቅ አለው። የምላጭ መስበሪያ ነው። ይህን ስናገር የሚያምነኝ ጥቂት ነው። በፒንሳ ይሰብራሉ። ፒንሳ የሌለው በጠረጴዛ ጠርዝ። በጥርሱ ሊሞክር ያለ አንድ ልጅ እጁን ይዤ አስቁሜዋለሁ፤ እሱም ተቀየመኝ።

5.
አጎቱ ከአሜሪካ አረንጓዴ መቁረጫ ምንጣፍ የላኩለት ልጅ አለ። ከምንጣፉ ላይ ካርቶን ያነጥፍና ካርቶኑ ላይ ይቆርጣል። ምንጣፉ እንዳይቆረጥ። የቤታቸው ሪሞት በላስቲክ የተጠቀለለ መሆን አለመሆኑን አልጠየቅሁም። መጠየቅም አያስፈልግም።

6.
በ1፡100 የ20 ሳንቲ ሜትር ግድግዳ 2 ሚሊ ሜትር ነው። ባለ 2 ሚሊ ካርቶን እንዳለ ግድግዳ ሆነ ማለት ነው። ግማሽ ሚሊ የሚወፍር የእርሳስ መስመር ደግሞ 5 ሳንቲ ሜትር ነው። በ1፡500 ያው መስመር 25 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ከግድግዳው ይወፍራል።

ከመስመሩ ውስጥ ነው የምንቆርጠው ከውጭ? ይህን የሚጠይቅ ተማሪ በዓመት አንድ ይገኛል። ሌላው «አይታይም» ይላል። እውነቱን ነው፣ አይታይም። ጣሪያው ግን አይገባም።

7.
«ስኬል መለኪያ ነው እንጂ መቁረጫ አይደለም» ያሉኝ መምህር ነበሩ። የራሳቸውን ባለ ሦስት ማዕዘን ስኬል አንድ ቀን አዋሱኝ። የ1፡100 ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ አውጥቷል። 1፡50 ትንሽ ተበልቷል። 1፡125 ከሱቅ እንደመጣ ነው።

8.
ወፍራም ካርቶን በአንድ ምት አይቆረጥም። መጀመሪያ መንገድ ማውጣት፣ ከዚያ መድገም፣ ከዚያ መሠለስ። ሁሉም ያውቃል። ሁሉም ለጀማሪ ያስተምራል። ሁሉም በአንድ ምት ይቆርጣል።

9.
ለእጅ ሥራ ከሚሆኑኝ መሣሪያዎች ግማሹን የገዛሁት ከኮስሞቲክስ ቤት ነው። የጥፍር መሞረጃ። የጥፍር መቁረጫ። የቅንድብ ወረንጦ። የሜካፕ ብሩሽ። ሱፐር ግሉ የሚያስለቅቅ አሴቶን። ባለሱቋ ስለ ሞረድ ሸካራነት ከሃርድዌር ነጋዴው በላይ ታውቃለች። ደግሞም ታስነካለች፤ እሱ «ፓኬቱን አትክፈት» ይላል።

መጀመሪያ ሰሞን «ለእህቴ ነው» እል ነበር። አንድ ቀን «እህትህ ጥፍሯን ሌት ተቀን ነው እንዴ የምትሞርደው?» አለችኝ።

ወረንጦን በተመለከተ፦ ገበሬው ለእሾህ መንቀያ አንገቱ ላይ ያንጠለጥለው ነበር። እኔ በዚህ ዓመት ብቻ ሦስት ጠፍተውብኛል። ገበሬው ያውቅ ነበር።

10.
ኡሁ የሚባለው ሙጫ ስሙ በጀርመንኛ ጉጉት ማለት ነው። አውጉስት ፊሸር የሚባል ኬሚስት ቡል በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1932 ሠራው። በዚያ ዘመን የጽሕፈት ዕቃን በወፍ ስም መጥራት የተለመደ ነበር።

የማስረከቢያ ዋዜማ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ስቱዲዮው ውስጥ ሰባት ሰው፣ ሰባት ኡሁ። አየር በሚገባበት ቦታ ተጠቀሙ ይላል ጽሑፉ። መስኮቱ ተዘግቷል፤ ብርድ ነው።

11.
ኡሁ ነጭ ፎም ይበላል። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ይህን የሚያውቀው ተራራው ሲሰረጉድ ነው። የሁለተኛ ዓመቱ አጠገቡ ቆሞ ያያል። አይነግረውም። እሱንም አልነገሩትም።

12.
ሱፐር ግሉ ጣትን ከጣት በሰከንድ ያጣብቃል። ካርቶን ከካርቶን ጋር ሲሆን ይዘገያል፤ ካርቶኑ ይጠጣዋል። ሙጫው የሚጠነክረው በእርጥበት ነው፣ ጣት ደግሞ እርጥብ ነው። የኮዳኩ ሃሪ ኩቨርና ባልደረቦቹ ለጠመንጃ ማነጣጠሪያ የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ሲፈልጉ ነው ያገኙት። የነካውን ሁሉ ስለሚይዝ አስቸገራቸውና ተዉት።

13.
የብርጭቆ ወረቀት ቁጥሩ ሲያድግ ሸካራነቱ ይቀንሳል። 80 ይልጣል፣ 400 ያለሰልሳል። በሄድኩበት ሱቅ ሁሉ «ለስላሳ ከፈለግክ ትንሹን ቁጥር ውሰድ» ይሉኛል። መከራከር ትቻለሁ። በአውራ ጣቴ ዳስሼ እገዛለሁ።

14.
«ሌዘር መጣ፣ ከተር ቀረ» ይባላል። ሌዘሩ ያጠቆረውን ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት የሚያጸዳው እጅ ነው። የሚገጥመውም እጅ ነው። ያለፈው ሳምንት ሌዘር ቤት ወረፋ ይዤ ሳለ መብራት ጠፋ። ባለቤቱ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ መሳቢያውን ከፍቶ ከተር አወጣ። የደነዘ ነበር።

15.
የተጣበቀ ነገር እስኪደርቅ ጫና ይፈልጋል። ለትንሹ የልብስ መቆንጠጫ ይበቃል። ለትልቁ መጽሐፍ ይጫናል። አንድ ተማሪ ስለ ሕንፃ ጥንካሬ የተጻፈ ወፍራም መጽሐፍ አለው። ሦስት ዓመት ሙሉ ክብደቱን ተጠቅሟል። ገጾቹ ንጹሕ ናቸው፤ ሽፋኑ ላይ ኡሁ አለ።

16.
አንዲት ልጅ ለነገ የሚቀርብ ነጭ ሞዴል ስትጨርስ ጣቷን ቆረጠች። ግቢው ላይ አንድ ጠብታ ደም ወደቀ። ጠረገችው፣ ሰፋ። በማግስቱ እዚያ ቦታ ከስፖንጅ የተሠራ ዛፍ ቆሟል። ዳኛው «ዛፉ ለምን እዚህ ሆነ?» አሉ። «የከሰዓትን ፀሐይ እንዲከላከል» አለች። ራሳቸውን ነቀነቁ። ጻፉ።

17.
የአንድ ቤት ሻጭ ድርጅት ሞዴል ሠርቻለሁ። ሽያጭ ክፍሉ ውስጥ በመስታወት ተሸፍኖ፣ መብራት ገብቶለት ቆሟል። አቧራ እንዳጸዳ በየስድስት ወሩ ይጠሩኛል። በሜካፕ ብሩሽ ነው የማጸዳው። እስካሁን ሁለት ጊዜ ጣሪያውን አድሻለሁ፣ አንድ ጊዜ ቀለም ቀይሬያለሁ። ሕንፃው ከመሠረት አልወጣም።

18.
የጃፓኑ ኩባንያ ታሚያ የታንክ ሞዴሎቹን በ1፡35 ይሠራል። የቁጥሩ መነሻ የፓንተር ታንክ ነው፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በፈረንጆቹ። ሞተርና ባትሪ ሆዱ ውስጥ እንዲገባ አድርገው መጠኑን ወሰኑ። በኋላ ሲለካ 35ኛ እጅ ግድም ሆኖ ተገኘ። ዛሬ ሞዴል ሠሪዎች አንድ ሚሊ ከ1፡35 ዝንፍ ያለ እንደሆነ ይጣላሉ።

19.
ሰፈር ውስጥ አንድ ልጅ የሽቦ ሲኖትራክ ሠራ። መሣሪያው ድንጋይ፣ ምስማርና ጥርስ። ጎማው ቆርኪ። ስኬሉ ስንት ነው አልኩት። ገባው አልገባው እንጃ። «በቆርኪው ልክ ነው» አለኝ።

ቆርኪ 3 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የሲኖትራክ ጎማ ከ1 ሜትር ትንሽ ያልፋል። ማካፈሉን ለአንባቢ ትቻለሁ።

20.
አንድ መሣሪያ ብቻ ግዛ ብባል የብረት ማስመሪያ እገዛለሁ። ከተሩ ያልቃል፣ ሙጫው ይደርቃል፣ እሱ ይኖራል። የፕላስቲኩን ከተር በአንድ ወር ይበላዋል። ደግሞ የፕላስቲክ ማስመሪያ ዜሮው ከጫፉ ገባ ብሎ ነው የሚጀምረው፤ የብረቱ ግን ብዙ ጊዜ ከጫፉ ይነሳል፤ ስለዚህ የውስጥ ማዕዘን ይለካል። ጀርባው ላይ ጨርቅ ፕላስተር ከተለጠፈበት አይንሸራተትም። የማይንሸራተት ማስመሪያ ሌባ ጣት ያተርፋል። ይህን ያወቅሁት ጠባሳው ከመጣ በኋላ ነው።

21.
«ለአምስት ደቂቃ አውሰኝ» የሚል ሰው ሰዓት አይመለከትም። ከተር ሲያውሱ ምላጩ አልቆ ይመለሳል። ኡሁ ሲያውሱ ክዳኑ ይመለሳል። ማስመሪያ አላውስም ብዬ ነበር። እንደማላውስ የነገርኩት ሰው ነው የወሰደው።

22.
50 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ማስመሪያ። ጀርባው ላይ ነጭ ጨርቅ ፕላስተር፣ ጫፉ ላይ በምስማር የተጫረ «መ»። የወጣው ነሐሴ 3 ነው። ያያችሁት ካላችሁ፣ ባለቤቱ በግማሽ ፕላስቲክ ማስመሪያ እየቆረጠ ነው በሉልኝ።