ነጠላሽን አስተካክይ

መድረካችን ዘማች መሸኘት ያውቅበታል። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ሲቋቋም ጣሊያን ደጅ ላይ ነበር፤ የማኅበሩም ሥራ ሕዝቡን በንግግርና በዘፈን ማንቃት ነበር። በ1969 የሶማሊያ ጦር ሲገባም ኪነቱ ሁሉ ከበሮውን ይዞ ወጣ። ዘማቹ ከሄደ በኋላ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ግን እምብዛም አያሳየንም። የሰፈራችን ጀማሪ ተዋንያን ስለ መርዶ ቴአትር ሠሩ ሲባል እሑድ ከሰዓት ብድግ ብዬ የሄድኩት ለዚህ ነው።

አዳራሹ የወረዳው ነው፤ ወንበሮቹ ከእድር የተዋሱ ናቸው። ጀርባቸው ላይ የእድሩ ስም በቀይ ቀለም ተጽፏል። የለቅሶ ወንበር ላይ ተቀምጦ የመርዶ ቴአትር ማየት! ይህን ብሔራዊ ቴአትርም አላሰበው።

ታሪኩ ሐምሌ 2010 ላይ ነው። የአዲስ አበባና የአስመራ ስልክ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ተከፍቷል። ያኔ ሰው ያገኘውን ቁጥር እየመታ ከማያውቀው ሰው ጋር ሲያወራ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። የቴአትሩ እናትም ትደውላለች። ልጇ በ1991 ለኤርትራው ጦርነት ዘምቶ እንደወጣ ቀርቷል፤ «ተማርኮ ይሆናል» ትላለች። ጎረቤቶቿ ግን መሞቱን ከሰሙ ከርመዋል።

ቴአትሩ ውስጥ ያስገቡት የተኩስ ድምፅ ባይኖር ይሻል ነበር፤ አንድ ሕፃን ከማስለቀስ በቀር የፈየደው የለም። ቴአትሩ ነፍስ የሚዘራው ጎረቤቶቹ «ማን ይንገራት?» ብለው ሲከራከሩ ነው። አንዱ «ክረምቱ ይውጣ፤ በዝናብ ድንኳን አይተከልም» ይላል። ሌላዋ «እህል ሳትቀምስ አይሆንም» ትላለች። መርዶው እንዲህ ከቀን ወደ ቀን ሲገፋ እኛ በሳቅ ፈረስን።

በመሃል አንዷ ተዋናይት ስኳር ልትበደር መስላ እናትየው ቤት ገባች። ነጠላዋን አዘቅዝቃዋለች፤ ተሳስታ ይሁን ሆን ብላ እንጃ። ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት «ውይ! ነጠላሽን አስተካክይ፣ ታውቅብሻለች!» አሉ ጮክ ብለው። ልጅቷ ደንግጣ ገለበጠችው። እናት ሆና የምትጫወተው ግን አይታ ኖሮ ሽንኩርት መክተፏን አቆመች። ቢላዋውን በቀሚሷ ጠረገችና «ስንት ማንኪያ ልስጥሽ?» አለች። ይህች ሴትዮ ድሮውንም ታውቅ ኖሯል እንዴ?

ሲያልቅ አስተያየት ተባለ። ስለ ጦርነቱ ያነሳ ሰው የለም፤ ሙግቱ ሁሉ ጎረቤቶቹ መደበቃቸው ደግ ነው ወይስ ግፍ የሚለው ላይ ሆነ። አንድ ጎልማሳ ተነስቶ «እኔ ብሆን በማግስቱ እነግራት ነበር» አለ።

«ለመሆኑ መርዶ ነግረህ ታውቃለህ?» አሉት እኒያ ነጠላ ያስተካከሉት እናት።

«ኧረ እኔስ ነግሬ አላውቅም።»

«እንግዲያው ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ከኋላ ግን ሌላ እጅ ወጣ።