አንድ ጓዳ፣ ብዙ አፍ

የሕንድ ፊልም የምትወዱ ከሆነ ያን ቤት ታውቁታላችሁ፦ አያት፣ ወንዶች ልጆች፣ ምራቶችና የልጅ ልጆች በአንድ ጣሪያ ሥር፤ የጓዳው ቁልፍ በአማት እጅ። ዛሬ በሕንድ ከተሞች እየቀነሰ ቢመጣም አልጠፋም።

እስቲ አሁን ወደ መርካቶ ኑ። ጣሊያን በወረራው ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) የአገሬውን ሰው ገበያ ከአራዳ ወደዚህ ካዛወረ ወዲህ፣ ከጉራጌ አገር የመጡ ብዙ ቤተሰቦች ኑሯቸውን የመሠረቱት በዚሁ ሠፈር ነው። የወንድም ልጅ ከገጠር ይመጣል፤ አጎቱ ዘንድ ያድራል፤ ዕቃ ይሸከማል፣ ሱቅ ይጠብቃል፣ ንግድ ይማራል። ውሎ አድሮ እቁብ ገብቶ የራሱን ሱቅ ይከፍታል። ከዚያ እርሱም በተራው ሌላውን ይቀበላል። መልካም ነገር ነው!

ነገር ግን ባለትዳሮች ሆይ፣ የሚስትየውን ድካም አስባችሁታል? በሕንዱ ቤት ምራቶቹ ሥራውን ይካፈላሉ፤ አማቲቱ ብትቆጣም ታግዛለች። በመርካቶው ቤት ግን ለስምንት ሰው እንጀራ የምትጋግረው ብዙ ጊዜ አንዲት ሴት ናት። ባል ሆይ፣ እንግዳው ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ከመቆሙ በፊት አማክራት። (ከመጣ በኋላ መጠየቅ ምክክር አይባልም።) እንጨት መፍለጡንና ውኃ መቅዳቱንም ለልጁ ስጠው።

በመስቀል ሰሞን ብዙው ሱቅ ይዘጋል፣ መርካቶም ጭር ይላል፤ ቤተሰቡ አገር ቤት ይገባል። እዚያ ክትፎውን አዘጋጅተው የሚጠብቁት አማት ናቸው።