113 ሜትር

የወባ ትንኝ ከተፈለፈለችበት ኩሬ ምን ያህል ርቃ ትሄዳለች? እንጀራዬ ይህ ጥያቄ ነው። መልሱን የምንፈልግበት መንገድ ላየው ሰው የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ትንኞቹ ላይ የሚያበራ የቀለም ዱቄት እንነሰንሳለን፣ ሲመሽ ከአንድ ቦታ እንለቃቸዋለን፣ በቀጣዮቹ ሌሊቶች ዙሪያውን በተተከሉ ወጥመዶች የቻልነውን ያህል መልሰን እንይዛለን። ከዚያ በኋላ ሒሳብ ነው።

ሒሳቡንም ያመጣው ወባ ነው። ወባ በትንኝ እንደሚተላለፍ ባሳየው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1902 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሮናልድ ሮስ አንድ ነገር ያስጨንቀው ነበር፤ የአንድን መንደር ረግረግ ብናደርቅ ከውጭ ስንት ትንኝ በርራ ትገባለች? ጉዳዩ እንግሊዛዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ካርል ፒርሰን ዘንድ ደረሰ። ፒርሰን እ.ኤ.አ. በ1905 «ኔቸር» መጽሔት ላይ ጥያቄውን አጥርቶ አወጣው፦ በየእርምጃው አቅጣጫውን በዘፈቀደ የሚቀይር ሰው በመጨረሻ የት ይገኛል? ነገሩ የሰካራም መንገድ ነው። 100 እርምጃ የተንገዳገደ ሰው ከመነሻው የሚርቀው በግምት 10 እርምጃ ያህል ነው፤ ርቀቱ የሚያድገው በእርምጃዎቹ ብዛት ስኩዌር ሩት ነውና። ስለዚህ ትንኝ በአንድ ሌሊት የራቀችውን በ10 አባዝቶ የ10 ሌሊት ጉዞዋ ይኸው ማለት አይቻልም፤ ከሦስት እጥፍ ብዙም አያልፍም።

ይህንን ከመጽሐፍ ይዤ ነው ሜዳ የወጣሁት። ሜዳው ያስተማረኝ ግን ስለ ወጥመድ ነው።

ለተማሪዎች የምሰጠው አንድ ስሌት አለ፤ ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ፈጥሬያቸዋለሁ። ከመልቀቂያው እስከ 100 ሜትር ባለው ክበብ ውስጥ 5 ወጥመድ፣ ከ900 እስከ 1,000 ሜትር ባለው ቀለበት ውስጥም 5 ወጥመድ ተተከለ እንበል። ከቅርቡ 40 ትንኝ፣ ከሩቁ 3 ተያዙ። ለቅርቦቹ 50፣ ለሩቆቹ 950 ሜትር ሰጥተን አማካዩን ብናወጣ 113 ሜትር ይመጣል። ነገር ግን የሩቁ ቀለበት ስፋት የቅርቡን ክበብ 19 እጥፍ ነው። ያው 5 ወጥመድ 19 እጥፍ በሆነ መሬት ላይ ሲበተን፣ እዚያ የተያዘችው እያንዳንዷ ትንኝ ያመለጡትን ጭምር ወክላ መቆጠር አለባት፤ 3ቱ 57 ይሆናሉ። አማካዩም ወደ 579 ሜትር ይዘላል። ትንኞቹ ያው ናቸው፤ የበረሩትም ያንኑ ያህል ነው።

አጭሩን ቁጥር እወደዋለሁ፤ አልደብቅም። 113 ሜትር ማለት ቀበሌው በመንደሩ ዙሪያ ያለውን ቦይ አጽድቶ ያርፋል ማለት ነው። ለሪፖርት ያምራል፣ ለበጀት ይመቻል። 579 ግን የጎረቤት ቀበሌን መስኖ ይነካል፣ ስብሰባ ያስጠራል።

ደግሞስ ወጥመዶቻችን ለምን ቅርብ ቅርቡን ይበዛሉ? ወጥመድ ባትሪ ይፈልጋል፣ ጠባቂ ይፈልጋል፣ ጎህ ሲቀድ የሚሰበስበው ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ መኪና ወደሚደርስበት፣ ውሻው ወደማይናከስበት፣ እማወራዋ ቡና ወደምታፈላበት ግቢ ይሄዳል። በቆሎ ማሳ መሀል ጅብ እየጮኸ ወጥመድ ለመትከል የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው፤ እኔም ስወጣ ሁልጊዜ በደስታ አልነበረም። (ለሜዳ ሠራተኛ የሚከፈለው አበል ከማንኛውም ቀመር በላይ ውጤቱን ይወስናል ብዬ አምናለሁ። አበል የሚመድቡት ሰዎች ግን ይህን አይወዱትም።) የሩቁ ቀለበት ባዶ ሲሆን ደግሞ ማስተካከያው አያድንም፤ ዜሮ በ19 ቢባዛ ያው ዜሮ ነው።

ሌላም አለ። ከተለቀቁት ትንኞች አብዛኞቹ ዳግም አይገኙም። ሞቱ ወይስ ራቁ? ለወጥመዱ ሁለቱም አንድ ናቸው። ዕድሜያቸውን በሌላ መንገድ ካላወቅን ቀመሩ ሞትን ከጉዞ መለየት ይቸግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት፣ ተመራማሪዎች ማሊ ውስጥ የሚያጣብቅ መረብ በፊኛ ከ40 እስከ 290 ሜትር ከፍታ ላይ ሰቅለው የወባ ትንኞችን ይዘዋል፤ አብዛኞቹ ደም የጠጡ እንስቶች ነበሩ። በነፋስ ተሳፍረው ሌሊቱን ብዙ መንገድ ሊሄዱ ይችላሉ። የእኛ ወጥመድ መሬት ላይ ነውና እነዚህን ከሟቾቹ ጋር ነበር የምንቆጥራቸው።

አሁን አማካይ ርቀት ይዞ የሚመጣን ወጣት ተመራማሪ አስቀድሜ የወጥመዶቹን ካርታ እጠይቀዋለሁ። ቅር ይለዋል፤ ይበለው። በዚያ ላይ አኖፊለስ ስቴፌንሲ የምትባል የወባ ትንኝ ዝርያ መጥታብናለች። እዚህ አገር መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ነው፤ ከተማ ትወዳለች፣ በውኃ በርሜልና በታንከር ውስጥም ትራባለች። በርሜሉ አይሱዙ ላይ ተጭኖ ሌላ ከተማ ቢገባ፣ ክበቡን ከየት ጀምሬ እንደማሰምር ገና አላወቅሁም።